ቬኔቶ በፈረንጅ ክረምት፦ ከአምስቱ በዓላት የትኛው ይሻላችኋል?

በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። አንዱ ከፍራንክፈርት፣ አንዷ ከዱባይ፣ አንዳንዴም የአክስቴ ልጆች ከአዲስ አበባ ይደውላሉ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለካርኒቫል ቬኒስ እንምጣ ወይስ ለገና ገበያ ቬሮና?» የምኖረው በሁለቱ መካከል፣ ፓዶቫ ውስጥ ስለሆነ መልሱ በእጄ ያለ ይመስላቸዋል።

ምርጫው ግን ከሁለት ብቻ አይደለም። ቬኔቶ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ድረስ የሚወጣ የሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን አውራጃ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ጉዞዎች ይወጡታል። «የትኛው ያምራል?» ብሎ መጠየቅም አይጠቅምም፤ ሁሉም ያምራል። የሚጠቅመው «ዕረፍቴ የትኛው ቀን ላይ ይውላል? የትስ አድራለሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይመልስ ቲኬት የቆረጠ ሰው ለአንድ ጠባብ ክፍል የወር ቀለቡን ከፍሎ፣ ቀኑን ሙሉ በሰው ጀርባ ሲገፋ ውሎ ይመለሳል።

ክረምት ስል የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። ሰማዩ ዝቅ ይላል፣ ጉሙ ሜዳውን ይሸፍነዋል፣ ብርዱም አጥንት ውስጥ ይገባል። ቀኖቹን ሁሉ የምሰጠው ለ2019 ዓ.ም. ማለትም ለፈረንጆቹ 2026/27 ወቅት ነው። ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት የፈረንጅ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛዬ ጾም ነው። በየጉዞ መመሪያው የማታገኙት ይኸው ነው፤ ለብዙዎቻችን ግን የጉዞውን ግማሽ ይወስናል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሚቆይ የፈረንጅ የገና ገበያዎች በአብዛኛው በጾም ውስጥ ይውላሉ። ቋሊማው፣ ቅቤው፣ በክሬም የተሞላው ብስኩት ሁሉ ለዓይን ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባቶቻችሁ እተዋለሁ።

ሁለተኛው የመኝታ ዋጋ ነው። በዓላቱ ራሳቸው በአብዛኛው አያስከፍሉም፤ ኪስ የሚያራቁተው አልጋው ነው። ሦስተኛው ያለ መኪና መድረስ መቻሉ ነው፤ በጉምና በበረዶ የማያውቁትን መንገድ መንዳት ለማንም አልመክርም። ግፊያውንና ለልጆች ያለውን ምቾት ደግሞ በየቦታው እነካዋለሁ።

1. የሳሉቴ ማርያም በዓል፣ ቬኒስ (ኅዳር 12)

ከሁሉ አስቀድሜ ያመጣሁት ከሁሉ ያነሰ ጎብኚ ስለሚያውቀው ነው። አድልዎዬንም አልደብቅም።

በ1630 ቬኒስን ወረርሽኝ መታት። እስከ ቀጣዩ ዓመት ድረስ ከከተማዋ ሕዝብ ሲሶ ገደማ አለቀ። የከተማዋ ምክር ቤት መቅሠፍቱ ከተነሣልን ለማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብሎ ተሳለ፤ ስለቱንም ፈጸመ። ባልዳሳሬ ሎንጌና የነደፈው ባለ ትልቅ ጉልላት ሕንፃ እስከ ዛሬ በታላቁ ቦይ አፍ ላይ ቆሟል። ስሙ ሳሉቴ ሲሆን ትርጉሙ ጤና ማለት ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 21 የቬኒስ ሰው በቦዩ ላይ በሚዘረጋ ጊዜያዊ ድልድይ ተሻግሮ ሻማውን ይዞ ይሄዳል።

ኖቬምበር 21 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሚካኤል! ከዚያም አልፎ ኅዳር የሚታጠንበት፣ በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ቆሻሻ የምናቃጥልበት ቀን ነው። ሁለት ሕዝቦች፣ ሁለት ወረርሽኞች፣ አንድ ቀን። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ይህን አላወቅሁም ነበር። ወረፋ ይዤ ቆሜ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆኗል፣ ኅዳር እየታጠነ ነው» ስትለኝ ነው የባነንኩት።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ሻማውን ራሳችሁ አትለኩሱም። አገልጋዮቹ ከእጃችሁ ተቀብለው ያበሩላችኋል፤ ቦታው ስለሚጠብብ ብዙ ሳይነድ አጥፍተው የሚቀጥለውን ይተክላሉ። ጧፉን እስከ ጫፉ ድረስ ማንደድ ለለመደ ሰው ትንሽ ይከብዳል። በመንበሩ ላይ ያለችው ሥዕለ ማርያም ደግሞ በ1670 ከቀርጤስ ደሴት የመጣች፣ ጠቆር ያለ ፊት ያላት፣ በምሥራቃውያን አሣሣል የተሣለች ናት። እኛ ፊት ለፊቷ ስንቆም እንግድነት አይሰማንም። የቬኒስ ሠዓሊም በበኩሉ እኛ ዘንድ እንግዳ አልነበረም፤ ኒኮሎ ብራንካሌዎን በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቶ ለነገሥታቱና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሲሥል ኖሯል።

ጾሙ የሚገባው ከሦስት ቀን በኋላ ስለሆነ የዕለቱን ምግብ መብላት ይቻላል። ካስትራዲና ይባላል፤ በጨውና በጭስ የቆየ የበግ ሥጋ ከጥቅል ጎመን ጋር ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚቀርብ ሾርባ ነው። ኅዳር ለሆቴሎች የቀዘቀዘ ወር በመሆኑ የመኝታ ዋጋው ከአምስቱ ሁሉ ይረክሳል።

ጉዳቱ ውኃው ነው። ኅዳር ባሕሩ ከፍ የሚልበት ወቅት ነው። ከ2020 ወዲህ ተንቀሳቃሹ የባሕር ግድብ ከባድ ሞገድ ሲጠበቅ እየተነሣ ከተማዋን ያድናታል፤ ዝቅተኛው የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ግን በትንሹም ቢሆን ሊርስ ይችላል። ውኃ የማያስገባ ጫማ ያዙ። ጋቢ እዚህ አያዋጣም፤ እርጥበቱን ይጠጣና ይከብዳችኋል።

2. ቬሮና በታኅሣሥ

የቬሮና የገና ገበያ የጀርመን ልጅ ነው። የሚዘጋጀው ከኑረንበርጉ ገበያ ጋር በመተባበር ስለሆነ የእንጨት ዳሶቹ፣ የሞቀው ወይን፣ የገና ዛፍ ጌጡ ሁሉ የተለመደው ነው። ከፍራንክፈርት የሚመጣው ዘመዴ ቤቱ ያለውን ነገር ለማየት አውሮፕላን መሳፈር የለበትም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ግን አዲስ ነው፤ ከሮማውያን ዘመን በቆመው የትርዒት ሥፍራ፣ በአሬና አጠገብ ሲሆን ደግሞ ከጀርመኑም ይበልጣል።

የቬሮና የራሷ የሆነው የቅድስት ሉሲያ በዓል ነው። እዚህ ለልጆች ስጦታ የምታመጣው ሉሲያ ናት፤ ዲሴምበር 12 ሌሊት በአህያ ጭና ትመጣለች። ልጆቹ ለእሷና ለአህያዋ የሚበላ ነገር ሰሐን ላይ አስቀምጠው ይተኛሉ። ከዲሴምበር 10 እስከ 13 ድረስ ፒያሳ ብራ የሚባለው አደባባይ በጣፋጭና በአሻንጉሊት ዳሶች ይሞላል። ከአሬናው ውስጥ ወጥቶ አደባባዩ ላይ የሚያርፈው ሰባ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የብረት ኮከብ ከ1984 ጀምሮ የከተማዋ ምልክት ሆኗል። በ2023 ጥር ላይ ሲፈታ አንድ ክፍሉ ወድቆ የአሬናውን ደረጃዎች ጎድቷል፤ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የቆየን ድንጋይ ኮከብ ሰበረው ብለን ስንቀልድ ከረምን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዲሴምበር 8 በመላ ጣሊያን የማርያም በዓል ነው፤ በ2026 ማክሰኞ ይውላል። ሠራተኛው ሰኞን ከበዓሉ ጋር አገናኝቶ አራት ቀን ስለሚያርፍ ከ5 እስከ 8 ባለው ጊዜ ባቡሩም፣ አልጋውም፣ መንገዱም አይያዝም። ከዚያ በኋላ ኑ።

ለጿሚ የሚሆነው ካስታኛ የሚባለው የተጠበሰ ፍሬ፣ ራዲኪዮ የሚባለው መራራ ቀይ ቅጠልና ፖሌንታ ነው። ፖሌንታ ማለት የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤና አይብ እንዳይጨምሩበት ግን ቀድማችሁ ተናገሩ።

3. የእሳቱ ሌሊት፣ የትሬቪዞ መንደሮች (ታኅሣሥ 27)

ጃንዋሪ 5 ማታ፣ በፈረንጆቹ የጥምቀት ዋዜማ፣ በትሬቪዞ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ትልልቅ ደመራ ይቃጠላል። ደመራ ያልኩት ለማመሳሰል ብዬ አይደለም፤ ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ፓኔቪን ይሉታል፤ እንጀራና ወይን እንደማለት። የወይን ሐረግ፣ የመከር ተረፍ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ተቆልሎ አናቱ ላይ ብዙ ጊዜ የአሮጊት ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ይሰቀላል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መንደር ውስጥ ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ከነበልባሉ ይልቅ ሰማዩን ሲያዩ አስተዋልኩ። የሚከተሉት ፍንጣሪውን ነበር። ፍንጣሪው ወደ ምዕራብ ከሄደ ዓመቱ ጥጋብ ነው፣ ድስቱ በፖሌንታ ይሞላል፤ ወደ ምሥራቅ ከሄደ ግን ከረጢትህን አንግተህ ዱቄት ልመና ውጣ ይላል የአካባቢው አባባል። እኛ ደመራው በየት በኩል ወደቀ ብለን እንደምንጨነቀው መሆኑ ነው። ይህንን ስነግራቸው ሳቁና «እናንተስ ምን ትጠጣላችሁ?» አሉኝ። ጠላ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ያደረግሁትን ሙከራ እዚህ አልደግመውም።

በማግስቱ ቬኒስ ላይ ቤፋና የምትባለውን አሮጊት መስለው ቀሚስ የለበሱ በዕድሜ የገፉ ቀዛፊዎች ወደ ሪያልቶ ድልድይ በጀልባ ይሽቀዳደማሉ። ድልድዩ ላይ ግዙፍ ካልሲ ይንጠለጠላል። ልጅ የሚስቅበት ነገር ፈልጋችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ መግቢያም አይከፈልበትም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው መጓጓዣ ነው፤ ብዙው እሳት የሚነደው ባቡር በማይደርስባቸው መንደሮች ስለሆነ ትሬቪዞ ከተማ አድሮ በታክሲ ደርሶ መመለስ ይቀላል። ሁለተኛው ጾሙ ነው፤ የእኛ ገና ሊውል ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። ፒንዛ የሚባለው በበለስና በዘቢብ የሚጋገር የበቆሎ ዳቦ ቅቤ ወይም ወተት አያጣም። በሌላ በኩል ግን ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ስለሆነ በአንድ ዕረፍት ሁለት በዓል ታከብራላችሁ።

4. የቬኒስ ካርኒቫል

ካርኒቫል የፈረንጆቹ ቅበላ ነው። ጾም ሊገባ ነውና እንብላ፣ እንጠጣ፣ ፊታችንን ሸፍነን ማን እንደሆንን ሳይታወቅ እንዝናና የሚል ቅበላ። በ1797 የቬኒስ ሪፐብሊክ ስትወድቅ ተቋርጦ ነበር፤ በዛሬ መልኩ የተመለሰው በ1979 ነው። በ2027 ዋናው ሳምንት ከሐሙስ ፌብሩዋሪ 4 እስከ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 9፣ ማለትም ከጥር 27 እስከ የካቲት 2 ይሆናል።

በ2018 ዓ.ም. የእነሱ የመጨረሻ ማክሰኞ በእኛ ዐቢይ ጾም ሁለተኛ ቀን ላይ ነበር የዋለው። በ2019 ዓ.ም. ግን ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ስለሆነ ካርኒቫሉ አንድ ወር ገደማ ይቀድመዋል። ፍሪቶሌ የሚባለውን ባለ ዘቢብ ቦንቦሊኖ በረቡዕና ዐርብ ካልሆነ በቀር በነፃነት መብላት ትችላላችሁ። ካርኒቫሉን ለማየት ካሰባችሁ እንግዲህ ይህ ዓመት የተመቸ ነው።

ስለ ዋጋው ግን አልዋሻችሁም። በካርኒቫሉ ቅዳሜና እሑድ ደሴቲቱ ላይ ያለ አልጋ የኅዳሩን ዋጋ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በመጀመሪያው ዓመቴ «ቬኒስ፣ ጸጥ ያለ አካባቢ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ለሦስት ሌሊት ከፈልኩ። ስደርስ ቤቱ ያለው በየብሱ በኩል፣ ከፋብሪካ አጥር አጠገብ ነበር። ጸጥታውስ እውነት ነው። አድራሻው ላይ ቬኒስ መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ሜስትሬና ማርጌራም በከተማዋ አስተዳደር ሥር ናቸው። አውቃችሁ ከገባችሁበት ግን ሜስትሬ መጥፎ አይደለም፤ ባቡሩ በአሥር ደቂቃ ገደማ ደሴቲቱ ላይ ያደርሳችኋል። ፓዶቫ ካደራችሁ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ደሴቲቱ ላይ የሚመላለሰው ቫፖሬቶ፣ የውኃ አውቶቡሱ ማለት ነው፣ ለ75 ደቂቃ 9.50 ዩሮ፣ ለ24 ሰዓት 25 ዩሮ ያስከፍላል። እግር ካላችሁ ከባቡር ጣቢያ እስከ ቅዱስ ማርቆስ በአርባ ደቂቃ ትደርሳላችሁ። ከ2024 ጀምሮ የመጣው የቀን ጎብኚዎች መግቢያ ክፍያ በፈረንጆቹ ጸደይና በጋ ያሉ የተመረጡ ቀናትን ብቻ ስለሚመለከት በክረምት አያሳስባችሁም።

ጭምብል የለበሱትን ማየት በነፃ ነው። በቤተ መንግሥቶቹ ውስጥ የሚደረገው የእራት ግብዣ የሚያስከፍለውን ብታዩ ትደነግጣላችሁ፤ እለፉት። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ቅዱስ ማርቆስ ብትደርሱ በጉሙ ውስጥ ባውታ የለበሱ ሰዎች ለፎቶ አንሺ ሲቆሙ ታገኛላችሁ። ባውታ አፍ የሌለው፣ አገጩ ላይ ወደ ፊት የወጣ ነጭ ጭምብል ነው፤ ለባሹ ሳያወልቀው እንዲበላና እንዲጠጣ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ልጅ ይዛችሁ አትምጡ።

ቬኒስ ከከበዳችሁ ቬሮናም የራሷ ቅበላ አላት። በካርኒቫሉ የመጨረሻ ዐርብ፣ ዘንድሮ ፌብሩዋሪ 5፣ «የኞኪ አባት» የሚባል ነጭ ጢም ያለው ንጉሥ ትልቅ ሹካ ይዞ በሰልፍ ያልፋል፤ ንጉሡን የሚመርጠውም የሳን ዜኖ ሰፈር ሕዝብ በድምፅ ነው። በዓሉ ሁልጊዜ ዐርብ መዋሉ ለእኛ ቀልድ ይመስላል፤ ኞኪ የሚባለው የድንች ሊጥ ድብልብል በቅቤና በሥጋ ስጎ ነው የሚቀርበው።

5. ኮርቲና ዳምፔሶ

በረዶ ማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ ትቶ ወደዚህ ይምጣ። ኮርቲና በ1956 የክረምት ኦሊምፒክን ያስተናገደች፣ በ2026 ደግሞ ከሚላኖ ጋር በድጋሚ ያዘጋጀች ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ቢሆን ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ትንፋሽ አያጥረውም። ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች አሥርን አልፎ ይወርዳል።

ባቡር አይደርስም። ከሜስትሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስድ አውቶቡስ አለ። ዋጋው ከሁሉ ይከብዳል፤ መላውን የዶሎሚቲ ተራራ የሚያካትተው የሸርተቴ ማንሻ የቀን ትኬት በከፍተኛው ወቅት ከ80 ዩሮ በላይ ነው፣ በዚያ ላይ የዕቃ ኪራይና አስተማሪ አለ። የራስ ቁር ከ2025 ኖቬምበር ጀምሮ በማንኛውም ዕድሜ ግዴታ ሆኗል። በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ከሌላችሁም ሸርተቴው ላይ መውጣት አይፈቀድም፤ ከትኬቱ ጋር አብሮ ይሸጣል።

የበረዶ ሸርተቴ ለማያውቅ ቤተሰብ የምመክረው ሌላ ነው። ከጃንዋሪ 7 በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ ዋጋው ጋብ ይላል። ሳን ቪቶ ዲ ካዶሬ በምትባለው ታችኛዋ መንደር አድራችሁ፣ ለልጆቹ የእንጨት መንሸራተቻ ተከራይታችሁ፣ ከኮርቲና መሐል በሚነሣው የገመድ መኪና ፋሎሪያ ተራራ ወጥታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ውረዱ። ጾሙም ተፈቷል።

በአንድ እይታ

| በዓል | ቀን (2019 ዓ.ም.) | ጾም | የመኝታ ዋጋ | ያለ መኪና | ግፊያ | ለልጆች |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሳሉቴ | ኅዳር 12 | የለም | ዝቅተኛ | ቀላል | መጠነኛ | መካከለኛ |
| ሉሲያ፣ ቬሮና | ታኅሣሥ 1–4 | አለ | መካከለኛ | በጣም ቀላል | በዛ ያለ | በጣም ጥሩ |
| ፓኔቪንና ቤፋና | ታኅሣሥ 27–28 | አለ | መካከለኛ | መንደሮቹ ያስቸግራሉ | ትንሽ | በጣም ጥሩ |
| ካርኒቫል | ጥር 27–የካቲት 2 | ረቡዕና ዐርብ | በጣም ውድ | ቀላል | ከባድ | በሥራ ቀን ብቻ |
| ኮርቲና | ከጥር መጀመሪያ ጀምሮ | ረቡዕና ዐርብ | ውድ | አውቶቡስ ብቻ | መጠነኛ | ጥሩ |

ለማን የቱ?

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነና ቬኒስን ማየት ሕልማችሁ ከሆነ ያለ ማመንታት ሳሉቴ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ሉሲያ፤ የቬሮና መሐል ከተማ ሜዳ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ እንደ ልብ ይገፋል፣ የቬኒስ ድልድይ ግን ጋሪውን በየመቶ ሜትሩ ያሸክማችኋል። ከአውሮፓ ከተሞች ለምትመጡና የገና ገበያ ለሰለቻችሁ የእሳቱ ሌሊት። ከባሕረ ሰላጤው የምትመጡና ዕረፍታችሁ አሠሪ በሰጣችሁ ቀን ብቻ የሚወሰን ከሆነ ቀኑን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ በዓሉ ያመለጠው ሰው ኮርቲና አያመልጠውም። ካርኒቫልን የምመክረው ቢያንስ ከአራት ወር በፊት አልጋ ለሚይዝና የሥራ ቀናትን ለሚመርጥ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሡ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላኖ ቢያርፉ ከሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ እስከ ቬሮና ፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ይከፈታል፣ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀረው ደግሞ አይቀበሉም። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ሳምንታት ስለሚፈጅ ለኅዳር 12 የምታስቡ ከክረምቱ፣ ከእኛው ክረምት፣ ጀምሩ።

ዘንድሮ ኅዳር 12 ቅዳሜ ይውላል። እኔ ከፓዶቫ በጠዋቱ ባቡር እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ ያለው ወረፋ ይረዝማልና አብራችሁኝ የምትሻገሩ ካላችሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ።